«ለመጨረሻው ዙር አልፈዋል»፦ የአጭር ልቦለድ ውድድርና የመድብሉ ሒሳብ

በፌስቡክና በቴሌግራም የሥነ ጽሑፍ ገጾች ላይ የአጭር ልቦለድ ውድድር ማስታወቂያ ማየት የተለመደ ሆኗል። ብዙዎቹ የሚገቡት ቃል ተመሳሳይ ነው። ከአንድ እስከ ሦስት የወጡ ይሸለማሉ፤ ለመጨረሻው ዙር ያለፉት ሥራዎች ደግሞ በአንድ መድብል ተሰብስበው ይታተማሉ። ከማስታወቂያው ሥር የሚነሡት ጥያቄዎችም ይደጋገማሉ። ለመመዝገብ መክፈል ልክ ነው ወይ? ካለፉ በኋላ «መጽሐፉን በብዛት ግዙ» መባልስ? ታሪኩ ከታተመ በኋላ የማን ነው? መልሱ ግን ጎራ የለየ ነው። ገሚሱ ውድድር የሚባለውን ሁሉ ማጭበርበር ያደርገዋል። ገሚሱ ደግሞ «ስምህ መጽሐፍ ላይ ይውጣ እንጂ ምን ቸገረህ» ባይ ነው።

ሁለቱም መልሶች ለጀማሪ ደራሲ አይጠቅሙም። በአንድ ስም የሚጠሩት እነዚህ ውድድሮች ውስጣቸው በጣም ይለያያል። አንዳንዱ ያልታወቀ ደራሲን አውጥቶ ለዓለም አሳይቷል። አንዳንዱ ከመጀመሪያው የተሠራው ለተወዳዳሪው መጽሐፍ ለመሸጥ ነው። ሁለቱን ለመለየት ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት የመድብሉን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ነው። ገንዘቡ ከአንባቢ፣ ከስፖንሰር ወይም ከአሳታሚ ከመጣ ያለፈው ሰው ደራሲ ነው። ካለፈው ሰው ከራሱ ኪስ ከወጣ ግን ሰውየው የአዘጋጁ ደንበኛ ሆኗል።

መድብል ለምን ይታተማል?

ውድድሮች አብዛኛውን ጊዜ ሥራዎችን በደረጃ ያጣራሉ። መጀመሪያ የተቀጠሩ ወይም በፈቃደኝነት የሚሠሩ አንባቢዎች የገባውን ሁሉ አይተው ተስፋ የሚጣልበትን ይለያሉ። ይህ «ሎንግ ሊስት» ይባላል፤ ረጅሙ ዝርዝር ማለት ነው። ከዚያ ዳኞች «ሾርት ሊስት» ያወጣሉ፤ አጭሩ ዝርዝር ማለት ነው። አምስት ሥራ ሊሆን ይችላል፣ ሃያም ሊሆን ይችላል። አሸናፊው የሚመረጠው ከዚህ ነው።

የአንድ አሸናፊ አጭር ልቦለድ ብቻውን መጽሐፍ አይሞላም። አሥራ አምስት ታሪክ ግን መጽሐፍ ይወጣዋል። ለአዘጋጁ መድብሉ የውድድሩ ምስክር ነው። ዳኞቹ ምን ዓይነት ሥራ እንደመረጡ ማንም ገልጦ ማየት ይችላል። ለደራሲው ደግሞ አርታኢ ያየው፣ ከሌሎች ጋር ተመዝኖ የታተመ ሥራ ይኖረዋል። በተለይ አርታኢ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ ጀማሪ የአማርኛ ጸሐፊ ሥራውን አንብቦ «ይህ አንቀጽ ይውጣ፣ መጨረሻው አልበሰለም» የሚለው ባለሙያ ሳያገኝ ነው የሚያሳትመው። ጥሩ መድብል ከገንዘቡ ሽልማት የሚበልጥ ጥቅም ሊኖረው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከመድብል ወደ ትልቅ ሽልማት

የመድብል መንገድ ወዴት እንደሚያደርስ ለማየት «ኬን ፕራይዝ» ጥሩ ምሳሌ ነው። ይህ ለአፍሪካውያን አጭር ልቦለድ የሚሰጥ ሽልማት ነው። የቡከር ኩባንያ ሊቀ መንበር በነበሩት በሰር ማይክል ኬን ስም ተሰይሞ እ.ኤ.አ. በ2000 ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰጠ። አሸናፊው 10,000 ፓውንድ ያገኛል። ለአጭሩ ዝርዝር ያለፉትም ገንዘብ ይከፈላቸዋል፤ ሥራዎቻቸው በመድብል ሲወጡም በተለያዩ የአፍሪካ አገሮች ያሉ አሳታሚዎች ጭምር አትመውታል።

እ.ኤ.አ. በ2021 ሽልማቱን የወሰደችው ሜሮን ሀደሮ ናት። አዲስ አበባ ተወልዳ፣ በጀርመን በኩል አሜሪካ ገብታ ያደገች ደራሲ ናት። ይህን ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆናለች። ከዚያ በፊት በ2019 ለአጭሩ ዝርዝር አልፋ ሳታሸንፍ ቀርታ ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ተሳካላት።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ ደንብ አለ። ኬን ፕራይዝ ገና ያልታተመ ታሪክ አይቀበልም። ታሪኩ አስቀድሞ በመጽሔት ወይም በመድብል ታትሞ መውጣት አለበት። የሚያስገባውም አሳታሚው እንጂ ደራሲው አይደለም። የሜሮን ታሪክ ከመሸለሙ በፊት በአንድ የሳን ፍራንሲስኮ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ላይ ወጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. የ2014 አሸናፊ የኬንያዊቷ የኦክዊሪ ኦዱዎር ታሪክ ደግሞ የመጣው ከሌላ ውድድር መድብል ነው። «ሾርት ስቶሪ ዴይ አፍሪካ» የተባለው መቀመጫውን ደቡብ አፍሪካ ያደረገ ድርጅት ውድድር አዘጋጅቶ፣ የተመረጡትን ሥራዎች በመጽሐፍ አሳተመ። ከዚያ መጽሐፍ የወጣ አንድ ታሪክ ኬን ፕራይዝን ወሰደ። ትንሹ ውድድር ለትልቁ መሰላል ሆነ ማለት ነው። መሰላሉ የሠራው ግን መድብሉ ለተሳታፊዎች ብቻ የታተመ ስላልነበረ ነው። አርታኢ ነበረው፣ ገበያ ላይ ወጣ፣ ከአገር ውጭ ያሉ ዳኞች እጅ ገባ።

ለአማርኛ ጸሐፊ ጥያቄው እዚህ ላይ ይከብዳል። ኬን ፕራይዝ የትርጉም ሥራ አይከለክልም። ሆኖም ትርጉሙ በእንግሊዝኛ ታትሞ መውጣት አለበት። ካሸነፈ ተርጓሚውም ከሽልማቱ ድርሻ ይሰጠዋል። ስለዚህ በአማርኛ የተጻፈ ድንቅ ታሪክ ሁለት ደጅ ማለፍ አለበት፤ አንዱ ተርጓሚ፣ ሌላው የእንግሊዝኛ አሳታሚ። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ አጭር ልቦለድ የሚተረጉሙ ሰዎች ጥቂት ናቸው። የችሎታ ማነስ ሳይሆን ይህ ክፍተት ነው ብዙ ሥራ አገር ውስጥ ያስቀረው።

ሌላው ስሙ የሚነሣው የኮመንዌልዝ፣ ማለትም የእንግሊዝና በአብዛኛው የቀድሞ ቅኝ ግዛቶቿ ኅብረት፣ የአጭር ልቦለድ ሽልማት ነው። መመዝገቢያ አያስከፍልም። ከ2,000 እስከ 5,000 ቃላት ያለውና ያልታተመ ታሪክ ይፈልጋል። ከእንግሊዝኛ ሌላ ስዋሂሊን ጨምሮ በተወሰኑ ቋንቋዎች የተጻፈም ይቀበላል፤ አማርኛ ግን ከእነዚህ ውስጥ የለም። ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል ስላልሆነች የኢትዮጵያ ዜጋ መወዳደር አይችልም። የእንግሊዝ፣ የካናዳ ወይም የአውስትራሊያ ዜግነት ያላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን ግን ይችላሉ። ይህን ሳያዩ ወራት ደክሞ ታሪክ ማዘጋጀት ያሳዝናል። የብቁነት ደንቡን ማንበብ የመጀመሪያው ሥራ መሆን አለበት።

የአማርኛ ታሪክ አስተርጉሞ የሚልክ ሰው የቃላት ገደቡንም ያስብበት። የአማርኛ አንድ ግሥ ባለቤቱንና ተሳቢውን በውስጡ ይይዛል። እንግሊዝኛ ለዚያው ሐሳብ ሦስትና አራት ቃል ያስፈልገዋል። በአማርኛ 4,000 ቃላት የሆነ ታሪክ ሲተረጎም 5,000ን በቀላሉ ያልፋል።

ለመወዳደር መክፈል ልክ ነው?

በዚህ ላይ ቅን ሰዎችም አይስማሙም። የእንግሊዙ ብሪድፖርት ሽልማት እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረ ነው። ለእያንዳንዱ ታሪክ ከ10 ፓውንድ በላይ ያስከፍላል። አንደኛ የወጣው 5,000 ፓውንድ ይሸለማል፤ የተመረጡት ሥራዎችም በየዓመቱ በመድብል ይታተማሉ። በሥነ ጽሑፍ ዓለም የተከበረ ውድድር ነው። እንዲህ ያሉ ውድድሮች የሚሰጡት ምክንያት ያስኬዳል። በሺህ የሚቆጠር ታሪክ የሚያነቡ ሰዎች መከፈል አለባቸው። የሽልማቱ ገንዘብም ከሆነ ቦታ መምጣት አለበት። መንግሥት ወይም ባለሀብት ካልሰጠ ምንጩ ተወዳዳሪው ነው።

ክፍያን የሚቃወሙትም ጠንካራ ነጥብ አላቸው። ለአንድ የለንደን ነዋሪ የምሳ ዋጋ የሆነው ገንዘብ ለአንድ የደሴ ወይም የጎንደር መምህር ከባድ ወጪ ነው። ገንዘቡ ቢኖር እንኳ ከኢትዮጵያ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ክፍያ ባለበት ቦታ የሚወዳደረው ምርጡ ሳይሆን መክፈል የቻለው ይሆናል። አንዳንድ ውድድሮች ይህን አይተው አቅም ለሌላቸው ነጻ ቦታ ይይዛሉ። ካለ መጠየቅ አያሳፍርም።

እኔ ክፍያ መኖሩን ብቻ አይቶ መፍረድ ልክ አይመስለኝም። ሒሳቡን ማየት ይሻላል። አንድ ውድድር 300 ብር ያስከፍላል እንበል። 400 ሰው ቢመዘገብ 120,000 ብር ይሰበሰባል። ሽልማቱ በድምሩ 30,000 ብር ከሆነ 90,000ው የት እንደገባ አዘጋጁ መናገር መቻል አለበት። ለአንባቢዎች ከሆነ እነማን ናቸው? ለኅትመት ከሆነ ስንት ቅጂ? ይህን በግልጽ የሚያስቀምጥ አዘጋጅ ክፍያው አያስነቅፈውም። «ዝርዝሩ በኋላ ይገለጻል» የሚል ማስታወቂያ ላይ ግን በቴሌብር ብር ከመላክ በፊት ቆም ማለት ነው።

ሁሉም የሚያልፍበት ውድድር

የከፋው ዓይነት ብዙውን ጊዜ መመዝገቢያ የማያስከፍል መሆኑ ያስገርማል። «ነጻ ነው» የሚለው ቃል ጥርጣሬን ስለሚያጠፋ ብዙ ሰው ይገባል። ገንዘቡ የሚጠየቀው ካለፉ በኋላ ነው።

በጣም የታወቀው ምሳሌ በግጥም ዙሪያ የሆነው ነው። በአሜሪካ ሜሪላንድ ይሠራ የነበረው «ኢንተርናሽናል ላይብረሪ ኦፍ ፖኤትሪ»፣ በኢንተርኔት ስሙ ፖኤትሪ ዶት ኮም፣ ለብዙ ዓመታት ነጻ የግጥም ውድድር አካሄደ። ግጥም ለላከው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል «ለግማሽ ፍጻሜ አልፈዋል፣ ግጥምዎ በመድብላችን ይታተማል» የሚል ደብዳቤ ይደርሰው ነበር። መጽሐፉ 50 ዶላር አካባቢ ያወጣ ነበር። ገዢዎቹ ግጥማቸው የታተመላቸው ሰዎች ራሳቸው ናቸው። ያልገዛ ሰው ሥራውን ታትሞ አያይም። ነገሩን ለመፈተን ሰዎች ሆን ብለው ትርጉም የለሽ ግጥም ላኩ፤ እሱም አለፈ።

እዚያ ላይ ሕግ የተጣሰ ነገር ለማግኘት አስቸጋሪ ነበር። መጽሐፉ ይታተማል፣ ይላካል። የተሸጠው ግን «ተመርጠሃል» የሚለው ስሜት ነው። ማንም የማይወድቅበት ምርጫ ደግሞ በሥነ ጽሑፍ ዓለም ዋጋ የለውም። አርታኢዎችና አሳታሚዎች የእንዲህ ዓይነቱን መድብል ስም ያውቁታል። ደራሲው በሕይወት ታሪኩ ላይ ሲጽፈው እንደ ክብር ሳይሆን እንደ ጀማሪነት ምልክት ያዩታል።

በተቃራኒው ጫፍ «ራይተርስ ኦፍ ዘ ፊውቸር» አለ። እ.ኤ.አ. በ1983 የተመሠረተ የሳይንሳዊና የምናብ ልቦለድ ውድድር ነው። መመዝገቢያ የለውም፤ ከየትኛውም አገር በእንግሊዝኛ መላክ ይቻላል። አሸናፊዎች ሽልማት ይቀበላሉ፤ ታሪካቸው በመድብሉ ሲወጣ ደግሞ ለኅትመቱ ለብቻ ይከፈላቸዋል። መሥራቹ ሳይንቶሎጂ የተባለውን አወዛጋቢ ሃይማኖታዊ ድርጅት የመሠረተው ኤል ሮን ሀባርድ በመሆኑ ከውድድሩ መራቅ የሚመርጡ ደራስያን አሉ። የገንዘቡ አቅጣጫ ግን ግልጽ ነው፤ ከአሳታሚው ወደ ደራሲው ይሄዳል።

የኅትመት ዋጋና የአገር ውስጥ አዘጋጆች

የአገር ውስጥ አዘጋጆችን ከፖኤትሪ ዶት ኮም ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ግፍ ነው። ብዙዎቹ ሥነ ጽሑፍ የሚወዱ፣ ከኪሳቸው የሚያወጡ ወጣቶች ናቸው። ያሉበት ችግር እውነተኛ ነው። የኅትመት ወረቀት ከውጭ የሚገባ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ብር ከዶላር አንጻር ከግማሽ በላይ ዋጋውን አጥቷል። በዶላር የሚገዛ ነገር ሁሉ ሲወደድ ወረቀትም ተወደደ። አንድ መድብል ለማሳተም የሚያስፈልገውን ገንዘብ ትንሽ የሥነ ጽሑፍ ክበብ ብቻውን አይችለውም። ስለዚህ ለመጨረሻው ዙር ያለፉትን «እያንዳንዳችሁ ይህን ያህል ቅጂ ውሰዱ» ማለት የሚቀርብ መፍትሔ ይሆናል።

ይህ በራሱ ነውር የለበትም፤ ስሙ በግልጽ ከተነገረ። አሥር ጸሐፊዎች ገንዘብ አዋጥተው የጋራ መጽሐፍ ማሳተም ጥሩ ነገር ነው። እንደ ዕቁብ ነው፤ ሁሉም ስንት እንደሚያወጣና ምን እንደሚደርሰው አስቀድሞ ያውቃል። ችግሩ የጋራ ኅትመት «ውድድር» ተብሎ ሲጠራ ነው። ተወዳዳሪው ክፍያውን የሚሰማው «እንኳን ደስ አለዎት» ከተባለ፣ ለቤተሰቡና ለጓደኞቹ ከተናገረ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት እምቢ ማለት ይከብዳል። መክፈል ያልቻለውም ስሙ በዝምታ ይወጣል፤ ቦታው ለከፈለ ይሰጣል። ያን ጊዜ የዳኞቹ ሥራ ሁሉ ገደል ገባ።

ለአማርኛ አጭር ልቦለድ ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው ብዬ አምናለሁ። የአዳዲስ ደራስያን መድብል አንባቢ አዲስ ድምፅ የሚያገኝበት ቦታ መሆን ነበረበት። አንባቢ አንድ ሁለት ጊዜ ያልተመረጠ ነገር «ምርጥ» ተብሎ ከተሸጠለት ሦስተኛውን አያነሣም። ጉዳቱ በእውነት ተመርጠው የወጡትንም ይነካል።

ታሪኩ የማን ነው?

የኢትዮጵያ ሕግ በዚህ ላይ ደራሲውን ይደግፋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲ ሁለት ዓይነት መብት ይሰጣል። አንዱ ኢኮኖሚያዊ መብት ነው፤ ማባዛት፣ መተርጎም፣ ወደ ሌላ ቅርፅ መቀየር፣ ማሰራጨት። ሌላው የሞራል መብት ነው፤ ሥራው በስሙ እንዲታወቅና ክብሩን በሚነካ መንገድ እንዳይበላሽ። ኢኮኖሚያዊው መብት በደራሲው ዕድሜና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። መብትን ለሌላ ማስተላለፍ ወይም ፈቃድ መስጠት በጽሑፍ መሆን አለበት።

ይህ «በጽሑፍ» የሚለው ነገር ሁለት ስለት አለው። ጥሩው፣ ማንም በቃል «ታሪክህ የእኛ ነው» ሊል አይችልም። አደገኛው፣ የውድድሩን ቅጽ ሲሞሉ «ደንቡን ተስማምቻለሁ» የሚለውን ምልክት ማድረግ እንደ ስምምነት ሊቀርብ መቻሉ ነው። ስለዚህ ደንቡ ይነበብ።

ጤነኛ ውድድር የሚጠይቀው ጠባብ ነገር ነው። ታሪኩን በመድብሉ ቀድሞ የማሳተም መብት ይጠይቃል፤ ለተወሰነ ጊዜ ሌላ ቦታ እንዳይወጣም ሊጠይቅ ይችላል። ከዚያ በኋላ ደራሲው በራሱ መጽሐፍ ውስጥ ሊያካትተው ይችላል። የሚያስፈራው «በማንኛውም መልኩና ለዘለቄታው የመጠቀም መብት» የሚለው ሐረግ ነው። በእኛ አገር ይህ ሐረግ ከባድ ትርጉም አለው፤ ምክንያቱም የአማርኛ ታሪክ ብዙ አድማጭ የሚያገኘው በትረካ ነው። በሬዲዮም በዩቲዩብም አንድ ጥሩ ታሪክ ከመጽሐፉ ይልቅ በድምፅ ብዙ ሰው ጋ ይደርሳል። ያንን ሐረግ የፈረመ ደራሲ የትረካውን፣ የቴአትሩንና የፊልሙን መብት ለአንድ መድብል ሲል አስረክቧል።

ከዚህም የባሰ አለ። አንዳንድ ደንብ መብቱን የሚጠይቀው ካለፉት ብቻ ሳይሆን ታሪክ ከላኩት ሁሉ ነው። ተሸንፎ መብትንም ማጣት ማለት ነው። እንዲህ ያለ ደንብ ያለው ውድድር ውስጥ መግባት የለብንም፤ ሽልማቱ ምንም ያህል ቢሆን።

«ያልታተመ» ሲባል

ብዙ ጸሐፊ ሳያውቅ የሚወድቅበት ደንብ ይህ ነው። ያልታተመ ሥራ ብቻ የሚቀበሉ ውድድሮች አብዛኞቹ በኢንተርኔት የወጣንም እንደታተመ ይቆጥሩታል። ታሪኩን በራስ የቴሌግራም ቻናል መለጠፍ፣ በፌስቡክ በክፍል በክፍል ማውጣት ኅትመት ሊባል ይችላል። ካለፉ በኋላ ሲታወቅ ደግሞ ያሰርዛል።

በሌላ በኩል ኢንተርኔት ራሱ በር የከፈተበት ጊዜ አለ። ኬንያዊው ቢንያቫንጋ ዋይናይና እ.ኤ.አ. በ2002 ኬን ፕራይዝን ያሸነፈው በኢንተርኔት መጽሔት ላይ በወጣ ታሪክ ነው። በማግሥቱ ዓመት ጓደኞቹን አስተባብሮ ናይሮቢ ላይ «ክዋኒ?» የተባለውን መጽሔት መሠረተ፤ መጽሔቱም ለሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ ጸሐፊዎች መድረክ ሆነ። ልዩነቱ ያ ታሪክ አርታኢ መርጦት መውጣቱ ነው። ደራሲ በራሱ ገጽ ሲለጥፍ ግን ያልታተመነቱን ያጣል፣ በምትኩም የመመረጥ ማስረጃ አያገኝም። ለውድድር የታሰበ ታሪክ ካለ ለብቻ ማስቀመጥ ይሻላል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያመጣውን ጣጣም መጥቀስ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 ክላርክስወርልድ የተባለው የአሜሪካ የሳይንሳዊ ልቦለድ መጽሔት በማሽን የተጻፉ ታሪኮች ስላጥለቀለቁት ለጊዜው በሩን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ውድድሮች ሥራው በሰው የተጻፈ ስለመሆኑ ማረጋገጫ ይጠይቃሉ። በዚህም የአንባቢዎቹ ሥራ ጨምሯል፤ ክፍያ የማያስከፍሉት ላይ የሚመጣው ጫናም እንዲሁ።

ምን ሊለወጥ ይችላል?

አሁን ባለው አካሄድ ከቀጠለ ነጻ የሆኑት ውድድሮች እየተመናመኑ፣ የሚያስከፍሉት እየበዙ የሚሄዱ ይመስለኛል። ያን ጊዜ መድብል ላይ ስሙ የሚወጣው ከተማ ያለ፣ ገንዘብም ኔትወርክም ያለው ጸሐፊ ይሆናል። ይህ እንዳይሆን አዘጋጆች የሚያደርጉት ነገር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ስንት ታሪክ እንደገባ፣ ዳኞቹ እነማን እንደሆኑ፣ ታሪኮቹ የደራሲው ስም ተሸፍኖ መነበባቸውን፣ ስንት ቅጂ እንደሚታተምና ወጪውን ማን እንደሚሸፍን ከምዝገባው በፊት በአንድ ገጽ ማውጣት ይበቃል። ለማተም አቅም ካልተገኘ በዲጂታል ማውጣትም ይቻላል፤ ደራሲውን ከማስከፈል እሱ ይሻላል። ለያንዳንዱ ላለፈ ሰው ደግሞ ቢያንስ አንድ ቅጂ በነጻ መስጠት ግዴታ መሆን ነበረበት።

ተወዳዳሪውም ታሪኩን ከመላኩ በፊት የውድድሩን ያለፈ ዓመት መድብል ይፈልግ። መጻሕፍት መደብር ይጠይቅ፣ መጽሐፍ አዟሪዎችንም ይጠይቅ። ካገኘው ሁለት ሦስት ታሪክ ያንብብና ሥራው ከእነሱ አጠገብ መቀመጡን ይወድድ እንደሆነ ያስብ። በገበያው ላይ ጨርሶ ከሌለ፣ መድብሉ ያላቸውም የተሳተፉት ሰዎች ብቻ ከሆኑ፣ ወጪውን የሸፈነው ማን እንደሆነ ታወቀ ማለት ነው።